ክፍት ማነጣጠሪያ ያለው ባለ 50 ካሊበር በአፈሙዝ የሚጎርስ ጠመንጃ፦ ከአደን ወቅት በፊት የተደረገ ፍተሻ

ባሩዱንም አረሩንም በአፈሙዙ የሚጎርሰውን ይህን ባለ 50 ካሊበር (የበርሜሉ ቀዳዳ ግማሽ ኢንች ያህል የሆነ) የአደን ጠመንጃ የፈተሽኩት ለአንድ ጥያቄ መልስ ለማግኘት ነው። ጥያቄውም የአደን ወቅት ከመከፈቱ በፊት፣ ያለ ቴሌስኮፕ፣ ከፋብሪካ ይዟቸው በመጣው ክፍት ማነጣጠሪያዎች ብቻ እምነት የሚጣልበት ሆኖ ሊስተካከል ይችላል ወይ የሚል ነው። በእኔ ግምት እስከ 75 ሜትር ድረስ ያለ ብዙ ችግር ይችላል፤ ከዚያ በላይ ግን የሚወስነው ጠመንጃው ሳይሆን የፊቱ ማነጣጠሪያ ውፍረትና የተኳሹ ዓይን ነው። ጉዳዩ የምርጫ ብቻ እንዳይመስል መጥቀስ ያለብኝ ነገር አለ፤ አንዳንድ የአሜሪካ ግዛቶች ለእንዲህ ዓይነት ጠመንጃዎች በለዩት የአደን ወቅት ቴሌስኮፕ ስለሚከለክሉ፣ ክፍት ማነጣጠሪያን በሚገባ ማስተካከል ለብዙ አዳኞች ግዴታ ነው።

ጠመንጃው መዶሻው በጎኑ ያለ፣ ባሩዱን የምታቀጣጥለው ትንሽ የመዳብ ቆብ በብረት ጫፍ ላይ የምትደፋበት የቀድሞ ዓይነት ነው። የዚህ አሠራር ጥንስስ የሆነውን፣ በምት የሚቀጣጠል ውህድን ለጠመንጃ የማዋል ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1807 በፓተንት ያስመዘገበው ስኮትላንዳዊው ቄስ አሌክሳንደር ጆን ፎርሳይት ሲሆን፣ እሱም የወፍ አዳኝ ነበርና የባልጩት ጠመንጃው ብልጭታ ወፎቹን ቀድሞ እያስበረገገ ያስቸግረው ነበር። የበርሜሉ ጠመዝማዛ ቦዮች በ122 ሳንቲ ሜትር ርዝመት አንድ ሙሉ ዙር ይዞራሉ፤ ይህም በጨርቅ ተጠቅልሎ ለሚገባ ክብ አረርም ሆነ ለአጫጭር ሾጣጣ አረሮች የሚያገለግል የመካከለኛ መንገድ ምርጫ ነው። የኋላው ማነጣጠሪያ ባለ አራት ማዕዘን ክፍተት ያለው ቅጠል ሲሆን የከፍታ ማስተካከያ ብሎን አለው፤ ወደ ግራና ወደ ቀኝ የሚሄደው ግን በስርጉዱ፣ ማለትም እግሩ በሚገባበት በበርሜሉ ላይ በተቆረጠው ቦይ ውስጥ እየተገፋ ነው። የፊቱ ደግሞ ክብ የነሐስ ጉጥ ነው። በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት 60 ሳንቲ ሜትር ነው፤ ይህ ቁጥር ወደ በኋላ ስለሚያስፈልገን አንባቢ ልብ ይበለው።

ስለ ማነጣጠሪያዎቹ ከመናገሬ በፊት ስለ አጎራረሱ መናገር አለብኝ፤ ምክንያቱም የዚህ ዓይነት ጠመንጃ ገዢዎች «አይመታም» ብለው ከሚያማርሩት ውስጥ አብዛኛው የማነጣጠሪያ ሳይሆን ወጥነት የጎደለው አጎራረስ ውጤት ነው ብዬ አምናለሁ። ካቻቪቴ ከመነሣቱ በፊት ባሩዱ፣ ጨርቁ፣ ቅባቱና አረሩ ተመርጠው መጽናት አለባቸው። እኔ የፈተሽኩት ዲያሜትሩ 12.45 ሚሊ ሜትር በሆነ፣ ወደ 11.5 ግራም በሚመዝን ክብ የእርሳስ አረርና በ80 ግሬን ጥቁር ባሩድ ሲሆን፣ ይህም ወደ 5.2 ግራም ይሆናል። ባሩዱ የሚሰፈረው በመስፈሪያ ነው፤ ከባሩድ መያዣው በቀጥታ ወደ በርሜሉ ማፍሰስ ፈጽሞ አይገባም፤ በርሜሉ ውስጥ የቀረ ፍም ካለ መያዣውን በተኳሹ እጅ ላይ ሊያፈነዳው ይችላልና። በጥቁር ባሩድ ምትክ የሚሸጡት ፓይሮዴክስና ትሪፕል ሰቨንም በይዘት እንጂ በክብደት አይለኩም፤ ትሪፕል ሰቨን ደግሞ ኃይሉ ከፍ ያለ ስለሆነ መጠኑ በ15 በመቶ ያህል ይቀነሳል። ለዘመናዊ ጥይት የሚውለው ጭስ አልባ ባሩድ እዚህ ጠመንጃ ውስጥ በምንም መጠን አይገባም፤ በርሜሉን ይቀደዋል።

አረሩ በመጠቅጠቂያው ዘንግ ተገፍቶ ባሩዱ ላይ ሙሉ በሙሉ መቀመጥ አለበት። በአረሩና በባሩዱ መካከል ክፍተት ከቀረ አደጋ አለው፤ አደጋ ባይደርስ እንኳ የሚመታው ቦታ ይዛባል። አብሮት የመጣው ዘንግ ምንም ምልክት ስለሌለው፣ በትክክል ከጎረሰ በኋላ በአፈሙዙ ልክ ቀጭን መስመር መቅረጽ ያስፈልጋል፤ ከዚያ በኋላ መስመሩ ከአፈሙዙ በላይ ከታየ አረሩ ገና አልወረደም ማለት ነው። ቀላል ነገር ነው፤ ሆኖም አምራቹ ራሱ ሊቀርጸው ይገባ ነበር።

የጥቁር ባሩድ ጥላሸት ሌላው የወጥነት ጠላት ነው። ሦስተኛው ወይም አራተኛው ተኩስ ላይ ሲደረስ ዘንጉ በመንገድ ላይ እየያዘ ይመጣል፤ ጨርቁም ይቀደዳል፤ አረሩም ከቀድሞው በተለየ ግፊት ይወጣል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሆኖ የኋላውን ማነጣጠሪያ የሚያዞር ሰው የሚያስተካክለው ጥላሸቱን እንጂ ጠመንጃውን አይደለም። በእያንዳንዱ ተኩስ መካከል በትንሹ እርጥብ የሆነ ጨርቅ አንድ ጊዜ አስገብቶ ማውጣት፣ ቀጥሎም በደረቅ ጨርቅ መድገም ይበቃል። ጨርቁ የሚንጠባጠብ ከሆነ ግን እርጥበቱ ወደ ማቀጣጠያው ቀዳዳ ወርዶ ቀጣዩን ተኩስ ያከሽፋል። ተኩስ ሲከሽፍ አፈሙዙን ወደ ዒላማው እንዳዞሩ ቢያንስ አንድ ደቂቃ መቆየት ያስፈልጋል፤ ዘግይቶ የሚነሣ ባሩድ አለ።

አቀማመጡን በተመለከተ፣ ጠመንጃው በአሸዋ ከረጢት ላይ የሚደገፈው አዳኙ በሜዳ በእጁ በሚይዘው የእንጨቱ ክፍል ላይ ነው። በርሜሉ ራሱ በጠንካራ ነገር ላይ ከተደገፈ ሲተኮስ ይዘላል፤ አረሩም ከተለመደው ቦታ ከፍ ብሎ ይመታል። የዚህ ጠመንጃ ሰደፍ ጎበጥ ያለ የድሮ ቅርጽ ስላለው ትከሻ ላይ አንድ ዓይነት አቀማመጥ ለማግኘት ትንሽ መለማመድ ይጠይቃል። ምላጩ ግን ያለ ጉርብጥብጥ ጥርት ብሎ የሚለቅ በመሆኑ በዋጋ ከሚበልጡት የሚተናነስ አይደለም። የዓይንና የጆሮ መከላከያ ያስፈልጋል፤ የመዳብ ቆቧ ስትመታ ስብርባሪዋ ወደ ጎን ይፈናጠራልና።

ማስተካከሉ የሚጀመረው በ25 ሜትር ነው። በዚህ ርቀት ሦስት አረሮች ተቀራርበው ካልመቱ ወደ አጎራረሱ መመለስ እንጂ ብሎን መንካት አይገባም። ተቀራርበው ከመቱ የሦስቱ መካከል ከዒላማው ነጥብ ስንት ሳንቲ ሜትር እንደራቀ ይለካል። ሕጉ ግልጽ ነው፤ የኋላው ማነጣጠሪያ አረሩ እንዲሄድ ወደሚፈለግበት አቅጣጫ ይንቀሳቀሳል፣ የፊቱ ደግሞ በተቃራኒው። አረሩ ወደ ግራ ከመታ የኋላው ወደ ቀኝ ይገፋል፤ ዝቅ ብሎ ከመታ የኋላው ከፍ ይላል። ምን ያህል እንደሆነ ለማወቅ ደግሞ ስህተቱን በሁለቱ ማነጣጠሪያዎች መካከል ባለው ርቀት አባዝቶ እስከ ዒላማው ላለው ርቀት ማካፈል ነው። ለምሳሌ በ50 ሜትር ላይ 10 ሳንቲ ሜትር ወደ ግራ የሚመታ ከሆነ፣ 100 ሚሊ ሜትር በ600 ተባዝቶ ለ50,000 ሲካፈል 1.2 ሚሊ ሜትር ይወጣል። ያው 10 ሳንቲ ሜትር በ25 ሜትር ላይ ከሆነ እጥፉን፣ 2.4 ሚሊ ሜትር ይጠይቃል። በግምት መዶሻ ከማንሣት በካሊፐር ለክቶ አንድ ጊዜ መግፋት ብዙ ባሩድና እርሳስ ያተርፋል።

እዚህ ላይ የዚህን ጠመንጃ ትልቁን ጉድለት መናገር ተገቢ ነው። የከፍታው ብሎን ጥሩ ነው፤ ጥርሱ የላላ አይደለም፣ በሩብ ዙር የሚመጣው ለውጥም ዒላማው ላይ በግልጽ ይታያል። የግራና የቀኙ ማስተካከያ ግን በአንዲት ትንሽ ማጥበቂያ ብሎን ብቻ የሚያዝ ሲሆን፣ ያቺ ብሎን በተኩሱ ንዝረት እየላላች ትመጣለች። ከላላች በኋላ ቅጠሉ በጣት ግፊት ይንቀሳቀሳል፤ ተኳሹም ምክንያቱ ያልታወቀ የአቅጣጫ ለውጥ ሲያሳድድ ይውላል። መፍትሔው ብሎኗን አውጥቶ ዘይቱን ከጠረጉ በኋላ የብሎን ማጣበቂያ አንድ ጠብታ ጨምሮ መልሶ ማጥበቅ ነው። ከዚያም በማነጣጠሪያው እግርና በበርሜሉ ላይ ቀጥ ብሎ የሚያልፍ ቀጭን መስመር ይጫራል፤ ሁለቱ ጭረቶች ከተለያዩ ማነጣጠሪያው ተንሸራቷል ማለት ነው። ቅጠሉን ለመግፋት የነሐስ ዘንግ እንጂ ብረት መጠቀም አይገባም፤ ብረት ስርጉዱን ያበላሻል።

የፊቱ ጉጥ ሁለተኛው ቅሬታዬ ነው። ስፋቱ 2.5 ሚሊ ሜትር ሲሆን ከተኳሹ ዓይን አንድ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ስለዚህ በ50 ሜትር ላይ 12.5 ሳንቲ ሜትር፣ በ100 ሜትር ላይ ደግሞ 25 ሳንቲ ሜትር የሚሆን ቦታ ይሸፍናል። የሚታደነው እንስሳ ልብና ሳንባ ያለበት ቦታ ከዚህ ብዙም ስለማይሰፋ፣ ተኳሹ የት እንዳነጣጠረ ማየቱ ይቀርና መገመት ይጀምራል። ከዚህም ሌላ የጉጡ ፊት ክብና የተወለወለ በመሆኑ ፀሐይ ከአንድ ወገን ስትመታው ያ ወገን ብቻ ያበራል። ዓይን የሚያበራውን ክፍል እንደ ሙሉ ጉጥ ቆጥሮ በክፍተቱ መካከል ስለሚያስቀምጠው፣ እውነተኛው ጉጥ ወደ ጥላው ወገን ይቀራል፤ አረሩም ከፀሐይዋ ይሸሻል። ጠዋት የተስተካከለ ጠመንጃ ከሰዓት በኋላ ወደ ጎን የሚመታው ብዙውን ጊዜ በዚህ ምክንያት ነው። የጉጡን ፊት በጥሩ ሞረድ ጠፍጣፋ ማድረግ ነጸብራቁን በእጅጉ ይቀንሰዋል። እኔ ግን 1.5 ሚሊ ሜትር ውፍረት ባለው ጠፍጣፋ ምላስ መተካቱን እመርጣለሁ፤ ያ በ50 ሜትር የሚሸፍነው 7.5 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነውና። በሚተኮስበት ጊዜም ዓይን ጥርት አድርጎ ማየት ያለበት የፊቱን ማነጣጠሪያ ነው፤ ዒላማውም የኋላው ክፍተትም ትንሽ ቢደበዝዙ ግድ የለም።

አዲስ የሚገጠመው ምላስ መጀመሪያ ረዘም ያለ ቢሆን ይመረጣል። ረጅም የፊት ማነጣጠሪያ አረሩን ዝቅ አድርጎ ስለሚያስመታ፣ በሞረድ ጥቂት በጥቂት እየተቀነሰ ወደሚፈለገው ከፍታ ማምጣት ይቻላል፤ ከልክ በላይ የተሞረደውን ግን ማስረዘም አይቻልም። የሚሞረደው የ50 ሜትሩ አጎራረስ ከጸና በኋላ ብቻ ነው፤ የባሩዱ መጠን ከተለወጠ ከፍታውም ይለወጣልና።

የመጨረሻው ማስተካከያ ርቀት 50 ሜትር ቢሆን ይበጃል። በተጠቀሰው አጎራረስ አረሩ ከአፈሙዙ ሲወጣ በሰከንድ ከ500 ሜትር በላይ ይጓዛል፤ ክብ ስለሆነ ግን አየሩ በፍጥነት ያደክመዋል፤ 100 ሜትር ሲደርስ ወደ ግማሽ የሚጠጋውን ፍጥነቱን አጥቷል። በ50 ሜትር ላይ ነጥቡን እንዲመታ የተስተካከለ ጠመንጃ በ25 ሜትር ከአንድ ሳንቲ ሜትር ያነሰ ከፍ፣ በ75 ሜትር 5 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ፣ በ100 ሜትር ደግሞ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ ይመታል። እስከ 75 ሜትር ድረስ አዳኙ ማነጣጠሪያውን እንዳለ አድርጎ ቢተኩስ ችግር የለውም። በ100 ሜትር ግን ርቀቱን አሥርና አሥራ አምስት ሜትር ስቶ መገመት ብቻ እንስሳውን አቁስሎ ለማስመለጥ ይበቃል። በዚያ ላይ ቀስ የሚል አረር ለነፋስ ይገዛል። ስለዚህ ሻጮች በዚህ ጠመንጃ ስለ 100 ሜትርና ከዚያ በላይ የሚሉትን በክብ አረር ለሚያድን ሰው አልመክርም።

አንድ ፍተሻ ብዙዎች ሳያደርጉት ወደ አደን ይሄዳሉ፤ እሱም የንጹሕ በርሜል የመጀመሪያ ተኩስ ነው። በተኩስ ሜዳ የተስተካከለው በርሜል ጥላሸት ያለበትና የተጠረገ ነው፤ በአደኑ ጠዋት የሚጎርሰው ግን ታጥቦ ዘይት የተቀባ ነው። የቀረው ዘይት የመጀመሪያውን አረር ከሌሎቹ ለይቶ ሊልከው ይችላል። ዘይቱን በደረቅ ጨርቅ ጠርጎ፣ ባዶውን ጠመንጃ አንድ ሁለት የመዳብ ቆብ አፈንድቶበት ቀዳዳውን ካደረቁ በኋላ ጎርሶ በ50 ሜትር መተኮስና የመታበትን ቦታ መመዝገብ ያስፈልጋል። ይህ ጠመንጃ በዚህ ፈተና ጥሩ ውጤት አሳይቷል፤ ዘይቱ በደንብ ሲጠረግ የመጀመሪያው አረር ከሌሎቹ ስብስብ አልወጣም፤ በግዴለሽነት ሲጠረግ ግን ከፍ ብሎ መቷል።

ለማን ይሆናል ለሚለው፣ በጫካ ውስጥ በቅርብ ርቀት ለሚያድንና በተኩስ ሜዳ በትዕግሥት ለሚቀመጥ ሰው እመክረዋለሁ፤ በርሜሉና ምላጩ ከዋጋው በላይ ናቸው። ገዢው ከጠመንጃው ጋር ቀጭን የፊት ምላስ፣ የነሐስ መግፊያና የብሎን ማጣበቂያ አብሮ ቢገዛ ይሻላል። በተኮሰበት ቀን በውኃ ማጠብም ግድ ነው፤ የጥቁር ባሩድ ቅሪት እርጥበት ስቦ በርሜሉን ያዝገዋል። ለማጠብ በርሜሉን ከእንጨቱ ሲለይም የኋላውን ማነጣጠሪያ ይዞ እንዳያነሣ፤ መልሶ ከገጠመው በኋላ ደግሞ የተጫሩት ሁለት መስመሮች አሁንም መግጠማቸውን ይመልከት።