በፊት ላይ ለሚወጡ ጥቃቅን ጥቁር እባጮች የትኛው ሕክምና ይሻላል?

ዕድሜ በገፋ ቁጥር በጉንጭና በዓይን ዙሪያ እየበዙ የሚሄዱትን ጥቃቅን ጥቁር እባጮች በምን እናስነሣቸው የሚል ጥያቄ ከወዳጆቼ በተደጋጋሚ ስለሚቀርብልኝ መልሴን በአንድ ቦታ ለማስፈር ወሰንሁ። ሐኪሞች ደርማቶሲስ ፓፑሎሳ ኒግራ የሚሏቸው እነዚህ እባጮች በጥቁር ሕዝቦች ዘንድ የተለመዱ፣ በቤተሰብ የሚወረሱና ጉዳት የሌላቸው ናቸው። የሚነሡት ለመልክ ሲባል በመሆኑ በአሜሪካ ለሚኖሩ ወገኖቻችን እንኳ የጤና መድን አብዛኛውን ጊዜ አይሸፍንላቸውም።

የእኔ ምርጫ በቆዳ ሐኪም እጅ በዝቅተኛ ኃይል የሚሠራው የኤሌክትሪክ ማቃጠያ ነው። ማደንዘዣ ቅባቱ ተቀብቶ አንድ ሰዓት ያህል ከቆየ በኋላ ሐኪሙ የመርፌውን ጫፍ ለቅጽበት ያስነካል፤ እባጩ ነጣ ብሎ ይኮማተርና ቅርፊት ይዞ፣ ካልነካኩት በሳምንት አካባቢ ራሱ ይረግፋል። አንገት ኖሯቸው የተንጠለጠሉትን ግን በመቀስ ማስቆረጥ ይበቃል።

በፈሳሽ ናይትሮጅን ማቀዝቀዝ ፈጣንና ርካሽ ቢሆንም ለጠይም ፊት አልመክረውም። ናይትሮጅኑ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ የቀዘቀዘ ሲሆን፣ ለቆዳ ቀለም የሚሰጡት ሴሎች ደግሞ ከሌሎቹ ቀድመው በቅዝቃዜ ይሞታሉ። የአክስቴ ልጅ በዋጋው ተስባ ባደረገችው በእያንዳንዱ እባጭ ቦታ ነጭ ክብ ቀርቶባታል፤ ለቅባትና ለሐኪም ምልልስ ያወጣችው ገንዘብ ከቆጠበችው እጅግ በልጦ ሳለ ቀለሙ ዛሬም አልተመለሰም።

ሌዘር በባለሙያ እጅ ጥሩ ነው። ሆኖም እ.ኤ.አ. በ2009 በ14 ታካሚዎች ላይ የታተመ ጥናት ኬቲፒ የተባለውን ሌዘር ከኤሌክትሪኩ ጋር አነጻጽሮ ውጤታቸውን ተቀራራቢ ሆኖ ስላገኘው፣ ለመሣሪያው ውድነት ተጨማሪ የሚከፈልበት በቂ ምክንያት አይታየኝም። በየሱቁ ከሚሸጡት የፕላዝማ ብዕሮች (በኤሌክትሪክ ብልጭታ ቆዳን የሚያቃጥሉ መሣሪያዎች) እና የአሲድ ጠብታዎች ግን ፈጽሞ ራቁ፤ ጥልቀታቸውን የሚቆጣጠር ስለሌለ ጠባሳ ያስቀራሉ።

ዋጋ ስትጠይቁ ክፍያው በፍሬ ነው ወይስ በአንድ ቀጠሮ ብላችሁ ጀምሩ። ለምሳሌ በአንዱ 500 ብር ተብሎ 40 እባጭ ያለው ሰው 20,000 ብር ሊከፍል ነው፤ በቀጠሮ የሚያስከፍል ሐኪም ለእንዲህ ያለው ሰው ሊረክስ ይችላል። ማደንዘዣውና የክትትል ቀጠሮው በዋጋው ውስጥ መካተታቸውን አረጋግጡ፤ አዳዲስ እባጮች መውጣታቸው ስለማይቀር ወጪው ተመላላሽ ነው። ጠባሳ የሚያብጥበት ሰው ይህን አስቀድሞ ይናገር፤ ማንም ቢሆን መጀመሪያ ከፀጉር ሥር ሁለት ብቻ አስነሥቶ ለሁለት ወር ያህል ቆዳው እንዴት እንደሚድን ይመልከት። በፍጥነት ያደገ፣ የደማ ወይም ቀለሙ የተለወጠ ካለ ግን በጭራሽ አይቃጠል፤ የተቃጠለ ሥጋ ለምርመራ ስለማይሆን ተቆርጦ ወደ ላቦራቶሪ ሊላክ ይገባል።