የኪልት ስፌት ሥልጠና በስኮትላንድ፦ የመንደር አዳራሽ፣ ሆቴል፣ ኮሌጅ ወይስ የኪልት ሰፊው ቤት?

ኪልት ስኮትላንዶች በወገባቸው የሚታጠቁት የሱፍ ሽንሽን ነው። ለሚያየው ሰው ቀላል ይመስላል። በእጁ ሊሰፋው የተቀመጠ ግን ገና በመጀመሪያው ቀን ሌላ ነገር ይነግራችኋል። አንድ ሙሉ ኪልት 8 ያርድ፣ ማለትም ከ7 ሜትር በላይ ጨርቅ ይበላል። አብዛኛው ጨርቅ ወደ ኋላ ይሸነሸናል። እያንዳንዱ ሽንሽን ደግሞ በታርታኑ፣ ማለትም በኪልቱ ባለመስመር ጨርቅ፣ ጥለት ላይ ትክክለኛው መስመር ላይ ማረፍ አለበት። አንዱ ሽንሽን በሁለት ሚሊ ሜትር ከሳተ ጥለቱ ይዛባል፤ ዓይንም ወዲያው ይይዘዋል።

እንዲህ ያለ ሥልጠና ለማዘጋጀት ያሰበ ሰው ጥሩ አስተማሪ ካገኘ በኋላ ትልቁ ወጪና ትልቁ ራስ ምታት ቦታው ነው። ብዙዎች ቦታ የሚመርጡት በፎቶ ነው። የድንጋይ ግድግዳ፣ የእሳት ምድጃ፣ ከመስኮቱ ወዲያ ተራራ። ይሄ ሁሉ ደስ ይላል። እኔ ግን መጀመሪያ የምጠይቀው ሌላ ነው፦ ማታ ሥራውን ጠረጴዛው ላይ እንዳለ ትተን በሩን መቆለፍ እንችላለን ወይ?

ንጽጽሩ እንዳይንሳፈፍ አንድ ዓይነት ሥልጠና ልያዝ። 5 ቀን፣ 8 ሰልጣኝ፣ 1 አስተማሪ። እያንዳንዱ ሰው የራሱን ኪልት ለክቶ፣ ሸንሽኖ፣ በእጁ ይሰፋል።

ክፍሉ ምን መቻል አለበት?

ከጠረጴዛው እንጀምር። የታርታን ጨርቅ አብዛኛውን ጊዜ ድርብ ወርድ ሆኖ ይመጣል፤ ስፋቱ 1 ሜትር ከ40 ወይም ከዚያ ትንሽ ከፍ ይላል። 4 ያርድ ይገዛና በቁመቱ መሃል ለመሃል ይከፈላል። ሁለቱ ቁራጮች ሲቀጣጠሉ 8 ያርድ ይሆናሉ። የጨርቁ ዳር ራሱ የኪልቱ የታችኛው ጠርዝ ስለሚሆን ኪልት ከታች አይቀመቀምም። ስለዚህ ሲቆረጥ መስመሩ ቀጥ ማለት አለበት፤ ለዚያ ደግሞ 4 ያርዱ ሙሉ በሙሉ ተዘርግቶ መተኛት አለበት። ብሪታንያ ውስጥ በየአዳራሹ የምታገኙት ታጣፊ ጠረጴዛ በብዛት 6 ጫማ ነው። ሁለቱን ጫፍ ለጫፍ ስትገጥሟቸው 12 ጫማ ይሆናል፤ ያ ማለት ልክ 4 ያርድ። ስለዚህ ለ8 ሰው ቢያንስ 10 ጠረጴዛ ያስፈልጋል፤ 8ቱ ለሰልጣኞቹ፣ 2ቱ ተገጥመው ለመቁረጫ። የመቁረጫውን ከፍ የሚያደርግ ነገር ከእግሩ ሥር ማስገባት ጥሩ ነው። ታጣፊው ጠረጴዛ ለቁጭታ ነው የተሠራው፤ ቆመው ጎንበስ ብለው ሲቆርጡበት ወገብ ይይዛል።

ሁለተኛው መብራት ነው፤ ማለቴ ኤሌክትሪኩ። የኪልት ስፌት ግማሽ ሥራው ካውያ ነው። ወፍራም ሱፍ ላይ እርጥብ ጨርቅ ተነጥፎ በኃይል ይተኮሳል። አንድ የእንፋሎት ካውያ 2,400 ዋት ገደማ ይስባል። በብሪታንያ የግድግዳ ሶኬት ላይ የሚሰካው መሰኪያ (ፕለግ) ውስጥ ያለው ፊውዝ ቢበዛ 13 አምፒር ነው፤ በ230 ቮልት 3,000 ዋት ገደማ ማለት ነው። ስለዚህ በአንድ ዲቫይደር ላይ ሁለት ካውያ ከሰካችሁ ዲቫይደሩን ከአቅሙ በላይ ጫናችሁት። ሦስት ካውያ በተለያየ ሶኬት ብትሰኩ ደግሞ ድምሩ 7,200 ዋት ይደርሳል። የተለመደው የሶኬት መስመር 32 አምፒር ስለሆነ የሚችለው 7,360 ዋት አካባቢ ነው። እርግጥ ካውያ ሁልጊዜ ሙሉ ኃይሉን አይስብም፤ ሲሞቅ ያርፋል። ግን ሦስቱ አንድ ላይ እየሞቁ አንድ ሰው ሻይ ላፍላ ብሎ 3,000 ዋት የውኃ ማፍያ ከሰካ ብሬከሩ ሊወርድ ይችላል። ስለዚህ አከራዩን "ስንት ሶኬት አለ?" ብላችሁ አትለፉት። "ስንት መስመር አለ? ወጥ ቤቱ ለብቻው ነው ወይ?" ብላችሁ ጠይቁት።

ሦስተኛው ብርሃን። ብላክ ዋች የሚባለው ታርታን ጥቁር፣ ጠቆር ያለ ሰማያዊና ጨለም ያለ አረንጓዴ ነው። ቢጫ አምፖል ሥር ሰማያዊውና ጥቁሩ አንድ ይሆኑባችኋል። የሽንሽኑን መስመር እያዩ ሳይሆን እየገመቱ ትሰፋላችሁ። በዲሴምበር ኤዲንብራ ውስጥ በፈረንጆች ሰዓት 4 ሳይሞላ ይጨልማል። በጁን ደግሞ ከ17 ሰዓት በላይ ብርሃን አለ። በተቻለ መጠን ሥልጠናውን ከአፕሪል እስከ ሴፕቴምበር ማድረግ የሚሻለው ለዚህ ነው።

የመንደር አዳራሽ

ስኮትላንድ ውስጥ ትንንሽ መንደሮች ሳይቀሩ አዳራሽ አላቸው። ብዙዎቹን የሚያስተዳድረው የአካባቢው ኮሚቴ ነው። ኪራዩ በሰዓት ነው፤ ከሆቴል ጋር ሲነጻጸር እጅግ ርካሽ ነው። ወለሉ እንጨት፣ ጣሪያው ከፍ ያለ፣ መስኮቱ ትልቅ፣ ጠረጴዛው በገፍ። ወጥ ቤት አለው። መኪና ማቆሚያ አለው። ለኪልት ሥራ ስፋቱ የሚመች ነው፤ ሰው እየተጋፋ አይሰፋም።

ችግሩ ሌሊቱ ነው። አዳራሹ የእናንተ ብቻ አይደለም። ማታ ዮጋ አለ፣ ጠዋት የሕፃናት መጫወቻ ሰዓት አለ። እናንተ ደግሞ በሦስተኛው ቀን ጠረጴዛው ላይ ምን እንዳለ አስቡት። በላላ ክር ለጊዜው የተያዘ ሽንሽን፣ በጠመኔ የተሰመረ ጨርቅ፣ በመቶ የሚቆጠር አስፒል። ያንን ጠቅልላችሁ ከረጢት ውስጥ ስትከቱ ጠመኔው ይጠፋል፣ ሽንሽኑ ይላላል። መሬት ላይ የወደቀውን አስፒል ደግሞ በማግስቱ የሚዳህ ሕፃን ነው የሚያገኘው። ይሄ ቀልድ አይደለም። ሥራ ስታበቁ ሁልጊዜ ወለሉን በማግኔት ጥረጉት።

ጊዜውንም አስሉት። ማታ ለመሰብሰብ 45 ደቂቃ፣ ጠዋት ለመዘርጋት 45 ደቂቃ ብንል፣ በአራቱ ሌሊቶች 6 ሰዓት ይሄዳል። አንድ ሙሉ የሥልጠና ቀን ማለት ነው። 8 ሰው ከፍሎ የመጣበት ቀን። ስለዚህ የአዳራሹ ርካሽነት እውነት የሚሆነው ከሁለት ነገር አንዱ ሲሟላ ብቻ ነው፤ ወይ ሳምንቱን በሙሉ ለብቻችሁ ተከራዩት፣ ወይ ደግሞ ጎን ላይ የሚቆለፍ ትንሽ ክፍል ይኑርና ጠረጴዛዎቹን እንዳሉ ተሸክማችሁ አስገቡ። ሳምንቱን በሙሉ ስትከራዩ ዋጋው ይጨምራል፤ ግን አብዛኛውን ጊዜ ያኔም ከሆቴል በታች ነው።

ማሞቂያውንም ጠይቁ። አንዳንዱ አዳራሽ ማሞቂያው በቆጣሪ ነው የሚከፈለው። በማርች ብርድ የደነዘዘ ጣት ደቃቅ የእጅ ስፌት አይሰፋም።

የሆቴል የስብሰባ ክፍል

እዚህ ላይ አልሸፋፍንም፤ ለኪልት ሥራ ሆቴል አልወድም። ወለሉ ምንጣፍ ነው፤ የወደቀ አስፒል አይገኝም። ጠረጴዛው ክብ ነው፤ ክብ ጠረጴዛ ላይ 4 ያርድ ጨርቅ የት ይዘረጋል? መብራቱ ለእራት ግብዣ የታሰበ ደብዘዝ ያለ ነው። አንዳንዱ ክፍል መስኮት እንኳ የለውም። ብዙ ካውያ ስታመጡ ሥራ አስኪያጁ ፊቱን ሊያጠቁር ይችላል።

ዋጋውም በሰው ነው የሚሰላው። ምሳ፣ ሻይ፣ ብስኩት ተደምሮ ይመጣል። አስተማሪውም አንድ ሰው ተብሎ ይቆጠራል፤ ይሄን አስቀድማችሁ ተነጋገሩበት።

ግን ጥቅሙን መካድ አይቻልም። ከውጭ አገር የሚመጡ ሰልጣኞች እዚያው ያድራሉ። አሳንሰር አለ፤ በዊልቸር የሚንቀሳቀስ ሰው አይቸገርም። ምግቡ ሐሳብ አይሆንባችሁም። ክፍሉን በ24 ሰዓት ከተከራያችሁት ደግሞ ማታ ይቆለፋል፤ ይሄ ከአዳራሹ የሚበልጥበት ቦታ ነው። ለአንድ ቀን መቅመሻ፣ ሰው ትንሽ ቁራጭ ላይ ጥቂት ሽንሽን ሸንሽኖ ለሚሄድበት፣ ሆቴል ይበቃል። ለ5 ቀን ግን አራት ማዕዘን ጠረጴዛ፣ ትልቅ መስኮትና የካውያ ፈቃድ በጽሑፍ ካልሰጡ ይቅርባችሁ።

ኮሌጅና ዩኒቨርሲቲ

በመሣሪያ ረገድ የሚስተካከለው የለም። የስፌት ትምህርት የሚሰጥ ተቋም ቆሞ የሚቆረጥበት ረጅም ጠረጴዛ፣ ለፋብሪካ የተሠራ ካውያ፣ ለዚያ ታስቦ የተዘረጋ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ነጭ ብርሃን ይኖረዋል። ስለ ብሬከር ሳታስቡ ትሠራላችሁ።

የሚገኘው ግን ተማሪ ሲያርፍ ነው፤ በአብዛኛው ከጁን እስከ ኦገስት። ወራት ቀድሞ መጠየቅ፣ የኢንሹራንስ ወረቀት ማቅረብ፣ የአደጋ መከላከያ ገለጻ መስማት አለ። አንዳንዱ ተቋም ጭራሽ ለውጭ ሰው አያከራይም። በሩም በሰዓቱ ይዘጋል፤ "ይቺን ሽንሽን ልጨርስ" የሚባል ነገር የለም። ወረቀቱን ለመጨረስ ትዕግሥት ያለው አዘጋጅ ግን እዚህ ቢሞክር ይሻለዋል።

የኪልት ሰፊው የራሱ ቤት

ለ3 ወይም ለ4 ሰው ከዚህ የተሻለ ቦታ የለም። ጠረጴዛው በሠሪው ቁመት ተሠርቷል። ካውያው ከባድ ነው። ግድግዳው ላይ የተሰቀለው ኪልት ራሱ ያስተምራል፤ ገልብጣችሁ ገበሩን፣ ውስጡ የገባውን ሸራ፣ ዘለበቱ የተያዘበትን ስፌት ታያላችሁ። የሽንሽኑ ውስጠኛ ጨርቅ ወገብ አካባቢ ተቆርጦ መውጣቱን በመጽሐፍ ከማንበብ አንድ ጊዜ በእጅ መዳሰስ ይበልጣል። ማታ በሩ ይቆለፋል፤ ሥራው እንዳለ ያድራል።

8 ሰው ግን አይችልም። አምስተኛው ሰው ሲገባ አስተማሪው መዞሪያ ያጣል። ከተማ መሃል ያሉት ብዙዎቹ በአሮጌ ሕንፃ ውስጥ፣ ጠባብ ደረጃ ላይ ናቸው። ደንበኛ ለልክ ሲመጣ ትምህርቱ ይቆማል። 8 ሰልጣኝ ካላችሁ በሁለት ዙር መክፈል ይቻላል፤ ለአስተማሪው ግን ሁለት ሳምንት መክፈል ነው።

ኤዲንብራ ወይስ ቦርደርስ?

የክፍሉ ዓይነት ከታወቀ በኋላ ከተማው ይመጣል። ኤዲንብራ ለመድረስ ቀላል ነው፤ አውሮፕላኑም ባቡሩም አለ። ግን በኦገስት ዓመታዊው የኪነ ጥበብ ፌስቲቫል ከተማውን ሲሞላው ክፍልም አልጋም በእሳት ዋጋ ነው። በዚያ ላይ ከጁላይ 24 ቀን 2026 ጀምሮ ኤዲንብራ ውስጥ በሚያድር እንግዳ ላይ የማደሪያ ዋጋውን 5 በመቶ የሚያስከፍል ቀረጥ አለ፤ እስከ 5 ተከታታይ ሌሊት ይታሰባል። የ5 ቀን ሥልጠና ማለት ቀረጡ ሙሉ በሙሉ ያርፍበታል ማለት ነው።

ደቡብ ብላችሁ ከእንግሊዝ ጋር ወደሚዋሰነው አካባቢ፣ ወደ ቦርደርስ፣ ስትሄዱ ነገሩ ይለወጣል። እ.ኤ.አ. በ2015 የተከፈተው የባቡር መስመር ከኤዲንብራ ዌቨርሊ ጣቢያ ተነስቶ ጋላሺልስና ትዊድባንክ ድረስ አንድ ሰዓት ገደማ ይፈጃል። ይህ አገር የሱፍ አገር ነው። ጋላሺልስ ውስጥ የሄሪዮት ዋት ዩኒቨርሲቲ የጨርቃ ጨርቅና ዲዛይን ትምህርት ክፍል አለ። አጠገቡ ሴልከርክ ላይ ሎካሮን የተባለው የታርታን ፋብሪካ አለ። የጎደለ ጨርቅ ወይም የተበላሸ ቁራጭ ለመተካት ከፋብሪካው አጠገብ መሆን ትልቅ ነገር ነው። የአዳራሹም የማደሪያውም ዋጋ ከዋና ከተማው ይቀላል።

እኔ ብሆን ለ8 ሰውና ለ5 ቀን ጋላሺልስ አካባቢ አንድ አዳራሽ ሳምንቱን በሙሉ፣ በሜይ ወይም በጁን፣ ቁልፉን ተረክቤ እከራያለሁ። ኮሌጅ ክፍል ከተገኘ እሱን አስቀድማለሁ። ሰልጣኙ ከ4 የማይበልጥ ከሆነ ደግሞ ሌላ ቦታ ሳልፈልግ ወደ ሰፊው ቤት እሄዳለሁ።

ቀብድ ከመክፈላችሁ በፊት ቦታውን ከሰዓት በኋላ፣ ብርሃኑ ሲቀንስ ሄዳችሁ እዩት። ጥቁርና ሰማያዊ ያለበት ቁራጭ ታርታን ይዛችሁ ሂዱና ሰልጣኙን ለማስቀመጥ ባሰባችሁበት ቦታ ላይ አኑሩት። ሁለቱን ቀለሞች በአምፖል ብቻ መለየት ካልቻላችሁ መብራት ተከራይታችሁ መጨመር አለባችሁ። ሦስት ካውያም ውሰዱ። አከራዩ ከፈቀደላችሁ በሦስት ሶኬት ሰክታችሁ አሙቋቸው፤ ወጥ ቤቱ ውስጥም የውኃ ማፍያውን አብሩ። ብሬከሩ ከወረደ ኮሚቴውን ሌላ መስመር ካለ ጠይቁ፤ ከሌለ ቀጣዩን አዳራሽ እዩ።