የአጥቢያችንን ታሪክ ያሳተምንበት ማተሚያ ቤት

ዓለም ባንክ አካባቢ ያለችውን ይህችን ትንሽ ማተሚያ ቤት ሰፈርተኛው የሚያውቃት በሠርግ ካርድ ነው። እኛ ግን የአጥቢያችንን የታሪክ መጽሔት ይዘን ሄድን።

ታሪኩ ከፕሪስባይቴሪያን ሚሲዮን ይጀምራል። አሜሪካዊው ሐኪም ቶማስ ላምቢ እ.ኤ.አ. በ1919 ከሱዳን ተነስቶ ደምቢ ዶሎ የገባው የኅዳር በሽታ አገር ባመሰበት ሰሞን ነው። ኋላም ጉለሌ ላይ ሆስፒታል አሠርቷል። ጣልያን ሚሲዮናውያኑን ሲያባርር ሥራውን ያቆዩት የአገሬው ምእመናን ናቸው፤ ዓይነ ስውሩ ቄስ ጊዳዳ ሶለን አንዱ ነበሩ። ከዚህ ሥራ የወጣችው ቤቴል ቤተ ክርስቲያን ከመካነ ኢየሱስ ጋር የተዋሃደችው እ.ኤ.አ. በ1974 ነው።

ጉዱ እዚህ ላይ ነው። ማተሚያ ቤቱ ውስጥ ጽሑፉን የተየበችው ልጅ «እ.ኤ.አ.»ን እያወጣች ሁሉንም «ዓ.ም.» አደረገችው። ውህደቱ ደርግ ከገባ ከዓመታት በኋላ ሊሆን ነው እኮ! ደግነቱ ከመታተሙ በፊት ናሙና ያሳያሉ። «አይዞዎት ጋሼ» ብላ እዚያው አስተካከለችው፤ ተጨማሪም አልጠየቁን።

ፎቶ ላይ ግን እጃቸው ይባረክ። የድሮ ሽማግሌዎች ፎቶ ለሁለት ታጥፎ፣ መስመሩ የአንዱን ግንባር አቋርጦት ነበር። እጥፋቱን አጠፉት፣ የፊቱን መጨማደድ አልነኩትም። ሌላ ቦታ አሻንጉሊት አድርገው ነው የሚመልሱላችሁ።

ጥረዛው ደካማ ነው፣ የአንዳንዱ ቅጠል ከወዲሁ ለቋል። ቀብድ ስትከፍሉ ደረሰኝ ጠይቁ፤ ካልጠየቃችሁ አይሰጡም።