ቀይ ሸረሪትን የሚበላው ጠርሙስ ለጅማ ይሆናል?

ጅማ ውስጥ በላስቲክ ግሪንሃውስ ኪያር ወይም የፈረንጅ ቃሪያ የምታመርቱ ካላችሁ ይሄ ለእናንተ ነው። ስለ አዳኝ ማይት ላወራ ነው። ማይት ማለት በዓይን በጭንቅ የሚታይ የሸረሪት ዘመድ ነው፤ ቀይ ሸረሪትም ራሷ ማይት ናት። ቅጠላችንን የምትመጠውን ቀይ ሸረሪት እያደነ የሚበላ ሌላ ማይት ነው፣ በጠርሙስ ታሽጎ ይሸጣል። ሙሉ ስሙ ፋይቶሴዩለስ ፐርሲሚሊስ ነው። ቁርጡን ልንገራችሁ፤ ይሠራል፣ በደንብ ይሠራል። የሚበላሸው መንገድ ላይ ወይም ቀድማችሁ በረጫችሁት ኬሚካል ነው።

ዝናቡ አቁሞ በጋው ሲገባ ምን እንደሚሆን ታውቃላችሁ። ቅጠሉ ነጠብጣብ ያወጣል፣ ይገረጣል፣ ከዛ ድር ያለብሰዋል። ሙቀቱ 30 ዲግሪ አካባቢ ከደረሰ ቀይ ሸረሪት ከእንቁላል ተነስታ ለአቅመ መራባት ለመድረስ ሳምንት ገደማ ይበቃታል። የምትኖረው ከቅጠሉ ስር ስለሆነ መርጫው በቀላሉ አያገኛትም፣ ያገኛትም እንደሆነ ርጭቱ ከተደጋገመ መድኃኒቱን ትለምደዋለች።

እኔ የገዛሁት 2,000 ማይት የሚይዘውን ነው። ስትከፍቱት ባዶ ሰጋቱራ የገዛችሁ ይመስላችኋል፤ አትደንግጡ፣ አጉሊ መነጽር ያዙ። ብርቱካንማ ቀለም ያለው፣ እግረ ረጅም፣ ሩጫው የሚገርም ነገር ታያላችሁ። የተጠቃው ቅጠል የሚያወጣውን ሽታ ተከትሎ ነው አደኑን የሚያገኘው። አንዱ በቀን 5 ያህል ትልልቅ ቀይ ሸረሪት ወይም 20 ያህል እንቁላል ይበላል። አውሮፓ ውስጥ የታወቀው በፈረንጆቹ 1958 ከቺሊ ጀርመን በገባ ኦርኪድ ላይ ተገኝቶ ነው፤ እኛም አገር ዝዋይ ያሉ የጽጌረዳ እርሻዎች ተጠቅመውበታል። ስለዚህ ማንም በእኛ ላይ የሚሞክረው አዲስ ነገር አይደለም።

ለጅማ የሚሻለው ነገር እርጥበቱ ነው። ይሄ ማይት ከ60 በመቶ በላይ እርጥበት ይፈልጋል፣ አየሩ ከደረቀ እንቁላሉ ሳይፈለፈል ይጨማደዳል። የእኛ ከተማ በዚህ ከብዙ ቦታ የታደለች ናት። የጥር ቀትር ግን ላስቲክ ቤት ውስጥ ሌላ ነው፤ መተላለፊያውን ውሃ አርከፍክፉ፣ ጎኑን ክፈቱ፣ ማይቱንም በጠዋት ወይም ፀሐይ ከበረደች በኋላ በትኑ። ድር የጀመረበት ቦታ ላይ አብዛችሁ፣ ሌላው ላይ ሳሳ አድርጋችሁ። ግሪንሃውሱ በሙሉ ድር እስኪሆን ከጠበቃችሁ ግን አይደርስላችሁም፣ የመጀመሪያዋን ነጠብጣብ ስታዩ ነው የሚገባው።

አሁን ወደሚያናድደው። ጠርሙሱ የሚመጣው ከአዲስ አበባ ነው። አንድ ሻጭ በተራ ካርቶን፣ ያለ ምንም ማቀዝቀዣ አውቶብስ ላይ ጭኖ ላከልኝና ስከፍተው የሚንቀሳቀስ ነገር በጣም ጥቂት ነበር። ሕይወት ያለው ነገር እየሸጡ እንደ ሚስማር መላክ ልክ አይደለም! በበረዶ ሳጥን፣ ከ8 እስከ 10 ዲግሪ ባለው ቅዝቃዜ ይላክልኝ ብላችሁ ቀድማችሁ ተስማሙ፤ በረዶው ጠርሙሱን እንዳይነካው። እንደደረሰም በትኑት፣ ቢበዛ ከአንድ ሁለት ቀን አያልፍ።

ሌላው ኬሚካል ነው። ፓይረትሮይድ የሚባሉትን ፀረ ተባዮች የረጨ ሰው ቅጠሉ ላይ የቀረው ርዝራዥ ለሳምንታት አዳኙን ይገድልበታል። አባሜክቲን የሚባለው የማይት መድኃኒትም ይጎዳዋል። ምን እንደረጫችሁ ለሻጩ ንገሩትና መቼ መልቀቅ እንደሚቻል ጠይቁ።

ቲማቲም ለምታመርቱ አልመክርም። የቲማቲም ግንድና ቅጠል ላይ ያለው የሚያጣብቅ ፀጉር ይይዘዋል። ችግራችሁ ትሪፕስ (ቅጠልና አበባ የሚመጥ ደቃቃ ነፍሳት) ወይም ነጭ ዝንብ ከሆነም ይሄ አይነካቸውም፣ ከቀይ ሸረሪት ሌላ አይበላም፤ እሷ ስታልቅ እሱም ያልቃል። ለትሪፕስና ለነጭ ዝንብ ስዊርስኪ የሚባለው ሌላ አዳኝ ማይት አለ፣ ፉርሽካ ባለበት ትንሽ ከረጢት መጥቶ ተክሉ ላይ ይንጠለጠላል። ቃሪያ ላይ በተለይ ጥሩ ነው፣ ተባይ ባይኖር እንኳ የአበባውን ብናኝ እየበላ ይቆያል።

ዋጋው ከአንድ ዙር ርጭት ይወደዳል፣ አልዋሽም። ግን ለቀጣዮቹ ዙሮች የሚወጣውን ብር፣ የረጪውን ሠራተኛ ሳንባ፣ ከአጥር ማዶ ያሉትን የጎረቤት ቀፎዎች አብራችሁ አስቡ። ማር በሚታወቅበት አገር ንብ መግደል ለኔ ትልቅ ነገር ነው። እኔ ለዘንድሮ በጋ ደግሜ አዝዣለሁ፤ ከጎረቤት ግሪንሃውስ ጋር ተጣምሮ ማዘዝ የበረዶ ሳጥኑንና የማጓጓዣውን ወጪ ያካፍላል፣ ሻጩም ለብዙ ጠርሙስ ሲሆን ይበልጥ ይጠነቀቃል።