ባህላዊ ቀፎ፣ የተያዘ መንጋ ወይስ ባለ ፍሬም? ንብ ስትገዙ ንቡን ቁጠሩ

መስከረም ገባ፣ አደይ ፈነዳ፣ እዚህ ሐይቅ ከተማ አካባቢም "ንብ የሚሸጥ ታውቃለህ?" የሚል ጥያቄ ጀመረ። ሻጭ አይጠፋም። የሚጠፋው በቀፎው ውስጥ ምን ያህል ንብ እንዳለ በቅጡ አይቶ የሚገዛ ሰው ነው።

መጀመሪያ የራሴን ልናዘዝ። የመጀመሪያ ንቤን የገዛሁት በባህላዊ ቀፎ ነበር፣ ያው በሽመል ተሠርቶ በእበትና በጭቃ የተለቀለቀው ዓይነት። ሻጩ "እስኪ አንሳው" አለኝ። ለሁለት ተጋግዘን አወረድነው፣ ወገቤ ተንቋቋ፣ እኔም በክብደቱ ደስ ብሎኝ ሳልከራከር ከፈልኩ። ቤት ወስጄ በሦስተኛው ቀን ስከፍተው ጭቃ፣ የጠቆረ አሮጌ የማር እንጀራና ትንሽ ማር ነው። ንቡ ሁለት እፍኝ ቢሞላ ነው። ወር ሳይሞላው ኮበለለ። ጎረቤቴ ሸህ "አብሽር፣ ንብ ቤቱን ራሱ ይመርጣል" አሉኝ። ቀፎውን ግን የመረጥኩት እኔ ነበርኩ።

ሒሳቡ ከባድ አይደለም። አንዲት የፈረንጅ ንብ 0.1 ግራም ገደማ ትመዝናለች፣ የእኛዋ በአካል ስለምታንስ ከዚያም ትቀላለች። እኔ ራሴ 100 ንብ በብልቃጥ ይዤ ደሴ አንድ ወርቅ ቤት ሚዛን ላይ ላስቀምጥ ስል ባለሱቁ ከበር መለሰኝ። በኋላ ትንሽ የግራም ሚዛን ገዝቼ ስመዝን 10 ግራም አልሞሉም። እንግዲህ 10,000 ንብ ቢበዛ አንድ ኪሎ ነው። ግጥም ብሎ በማር የሞላ አንድ ትልቅ ፍሬም (ንቡ እንጀራውን የሚሠራበት፣ ከቀፎው የሚወጣ የእንጨት ክፈፍ) ግን ብቻውን ከ2 ኪሎ ተኩል ሊያልፍ ይችላል። ቀፎ አንስታችሁ ስትገምቱ የምትለኩት ማሩን፣ እንጨቱንና ጭቃውን ነው፤ ንቡ ቢኖርም ባይኖርም ክንዳችሁ አይለየውም።

እና የቱን ትግዙ?

ባህላዊው ቀፎ ርካሽ ነው፣ ለመገመት ግን ከሁሉም ያስቸግራል። እንጀራው ከቀፎው ጋር ስለተጣበቀ አውጥታችሁ አታዩትም። ብዙ ጊዜ ንቡ እጩን (ልጆቹን) ወደ በሩ፣ ማሩን ወደ ኋላ ያደርጋል፣ ሻጭ ደግሞ የሚከፍትላችሁ የኋላውን ነው። ማሩን አይታችሁ ትጎመጃላችሁ። ማር ከፈለጋችሁ ማር ግዙ! ንጋት ላይ ንቡ ሳይሰማራ ሂዱ፣ ቀስ ብላችሁ አጭሱ፣ በበሩ በኩል ስንት እንጀራ በንብ እንደተሸፈነ እዩ። ሽማግሌዎች ቀፎውን መታ አድርገው ያዳምጣሉ፦ ድምፁ ጮኽ ብሎ ቶሎ ዝም ካለ አውራዋ (እንቁላል የምትጥለው ንግሥት) አለች፣ እንደ ሙሾ ረዘም ካለ ግን ጠርጥሩ ይላሉ። እኔም አደርገዋለሁ፣ በእሱ ብቻ ግን ብር አልከፍልም።

የተያዘ መንጋ (ከቀፎ ተከፍሎ ሲወጣ የተያዘ ንብ) ከሦስቱ በሚዛን የሚገዛው ብቸኛው ነው። ባዶውን ቅርጫት መዝኑ፣ መንጋው ከገባ በኋላ ደግሞ መዝኑ፣ ልዩነቱ ንቡ ነው። መንጋ ሲወጣ ማር ጠግቦ ስለሚወጣ እያንዳንዷ ከወትሮዋ ትከብዳለች፣ የእኛ ንብ ደግሞ ትንሽ ናት፤ ሁለቱ ይካካሳሉ ብዬ እኔ 1 ኪሎን 10,000 አድርጌ እይዛለሁ። ከአንድ ኪሎ በታች የሆነ መንጋ ለጀማሪ አይሆንም ባይ ነኝ። ደግሞ ስንተኛው መንጋ ነው ብላችሁ ጠይቁ። መጀመሪያ የሚወጣው አሮጌዋን አውራ ይዞ ስለሆነ ትልቅ ነው። ተከትሎ የሚወጣው ያንሳል፣ አውራዋም ገና ድንጉላ (ወንድ ንብ) ያላገኘች ናት፣ ለዚያ ወጥታ በወፍ ተበልታ ብትቀር መንጋው አለቀ።

መንጋ ላይ ሰው የሚረሳው ነገር ደግሞ አለ። እጭ የለውም። እንጀራ ሠርቶ፣ አውራዋ እንቁላል ጥላ፣ የመጀመሪያዋ ንብ እስክትወጣ ከእንቁላሉ ብቻ ሦስት ሳምንት ገደማ ይፈጃል። በዚያ መሀል ያለው ንብ እያረጀ ይሞታል። ስለዚህ ዛሬ 15,000 ንብ ነው ብላችሁ የገዛችሁት መንጋ ከመብዛቱ በፊት ያንሳል። አትደንግጡ፣ ግን ገና ስትገዙት ይህንንም አስቡት።

ባለ ፍሬም ቀፎ ውድ ነው፣ ነገር ግን ዓይናችሁ እያየ ትቆጥሩታላችሁ። ፍሬሙን አንድ በአንድ አውጡ። ሁለቱም ገጽ ክፍተት ሳይኖረው በንብ ከተሸፈነ 2,000 ገደማ በሉት። ግማሹ ብቻ ከተሸፈነ 1,000። አምስት ሙሉ ፍሬም ማለት 10,000፣ ማለትም ኪሎ የማይሞላ ንብ ነው፤ ቀፎው ግን ከነማሩ ወገብ ይሰብራል። ቀጥሎ በሰም የታሸገውን እጭ እዩ። ከታሸገ በ12 ቀን ውስጥ ሁሉም ወጥቶ ያልቃል። መዳፋችሁን በታሸገ እጭ ላይ ስታሳርፉ ከሥሩ በመቶ የሚቆጠር ንብ ተኝቷል። ጉብ ጉብ ያለው የድንጉላ ነው፣ እሱን አትቁጠሩ። አራት ፍሬም ንብና ሦስት ፍሬም የታሸገ እጭ ያለው ቀፎ፣ ስድስት ፍሬም ንብ ኖሮት እጭ ከሌለው ይሻለኛል።

ፍሬም ላውጣ ስል አንድ ሻጭ "ንብ አይቆጠርም፣ ላሊበላ ሲወለድ የከበቡትን ንቦች ማን ቆጠራቸው?" ብሎ ተከራክሮኛል። መልስ አጣሁለት። ቀፎውንም ሳልገዛ ወጣሁ።

በሩ ላይ የሚገባ የሚወጣውን ቆጥሮ መገመትስ? እኩለ ቀን ላይ ሁሉም ቀፎ ጠንካራ ይመስላል። እንዲያውም በሌላ ንብ እየተዘረፈ ያለ ቀፎ ከሁሉም በላይ ይጨናነቃል።

ለእኔ ምርጫው እንዲህ ነው። ጀማሪ ከሆናችሁና ብሩ ካላችሁ ባለ ፍሬሙን። ባዶ ቀፎ ኖሯችሁ ልምድም ካላችሁ መንጋውን፣ በተለይ አሁን አበባው እያለ። ባህላዊውን ከምታውቁት ሰው ብቻ፣ ቀድሞ መንጋ ሲያወጣ ያያችሁትን ቀፎ።

ወደ ባቲ ወይም ወደ ቆቦ ቆላ የምታወርዱት ከሆነ በሌሊት ተጓዙ። በሩን በጨርቅ አትድፈኑት፣ አየር በሚያስገባ ሽቦ ዝጉት። ቀድሞ የሚታፈነው ያ ብዙ ንብ አለው ብላችሁ የመረጣችሁት ቀፎ ነው።