ለአሮጌ ቮልስ የገዛሁት አር9 የቤንዚን ጎማ፦ ከ9 ወር በኋላ

ቤንዚን ከታንኩ ወደ ሞተሩ የሚያስተላልፈውን የጎማ ቱቦ ያስገባሁት ጥቅምት 2017 መጨረሻ ላይ ነው። አሁን ሐምሌ ገብቷል፤ ሱሉልታ ላይ ጠዋት ጉሙ የጎረቤትን አጥር እንኳ አያሳይም፣ ብርዱም አይቻልም። ስለዚህ መስኮት ዘግቼ ነው የምነዳው። አምና ክረምት ይህን ማድረግ አልችልም ነበር። ከአዲሱ ገበያ ተነስቼ የእንጦጦን ዳገት እስክጨርስ የቤንዚኑ ሽታ ራሴን ያዞረኝ ነበር፤ የልጆቼ ጃኬት ክፍል ውስጥ ሁሉ ይሸት ነበር።

መኪናዬ በፈረንጅ አቆጣጠር የ1972 ሞዴል ቮልስ ናት፣ ሞተሯ 1300። በዚያው ዓመት የካቲት ወር 15,007,034ኛዋ ቮልስ ተመርታ የፎርድ ሞዴል ቲን ክብረ ወሰን ሰብራለች። ይህን የማነሳው አለምክንያት አይደለም። ይህን ያህል የተመረተች መኪና ዛሬም መለዋወጫዋ አይጠፋም፤ የጠፋው በአግባቡ የሚገጥመው ሰው ነው።

መጀመሪያ ስለ ጎማው ልናገር። ጎኑ ላይ «ኤስኤኢ ጄ30 አር9» የሚል የቤንዚን ጎማ ደረጃ ምልክት ታትሞበታል። ለካርቡራቶር መኪና የተለመደው አር7 ነው፤ የቮልስ ፓምፕ ግፊቱ አነስተኛ ስለሆነ አር7ም ይችለዋል። አር9 ቤንዚኑ በግፊት ለሚረጭበት የኢንጀክሽን መኪና የተሠራ ሆኖ ከውስጥ ቤንዚንም አልኮልም የማይበላው ቀጭን ሽፋን አለው። እኔ የፈለግሁት ይህንን ሽፋን ነው። በአገራችን ከፊንጫ ስኳር ፋብሪካ የሚመጣ ኢታኖል የሚባል አልኮል ከቤንዚን ጋር ይደባለቅ የነበረበት ጊዜ አለ፣ ድሮ የተሠራ ጎማ ደግሞ ኢታኖልን አይወድም። ሶማሌ ተራ ስገዛ ዋጋው በሜትር ከተራው ሦስት እጥፍ ነበር።

ምልክቱን ማተም ማንም ስለሚችል ከመግጠሜ በፊት ሞከርኩት። ከአዲሱና ከተራው ጎማ አንድ አንድ ጣት የሚያህል ቆርጬ በሁለት የማር ብልቃጥ ቤንዚን ውስጥ ነከርኩና ክዳኑን አጥብቄ ግቢው ጥግ አስቀመጥኩ። በሁለት ሳምንቱ ተራው አብጦ፣ በጣት ሲጫኑት እንደ ማስቲካ ይለጠጣል፤ ቤንዚኑም ሻይ መስሏል። አር9ኙ ግን እንደገባ ነው የወጣው። ጫፉን በምላጭ ቆርጣችሁ ብታዩት የውስጡ ሽፋን ቀለሙ ከውጩ ጥቁር ትንሽ ይለያል። ያ መስመር ከሌለ አትግዙ።

ይህ ሁሉ ግን ሽታውን ብቻውን አያጠፋውም ነበር። አጥር የምንጋራቸው ጋሼ ዕድሜያቸውን ሙሉ ትንንሽ አውሮፕላን ሲጠግኑ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ናቸው። ጎማውን ይዤ ስሄድ ተቀብለው አላዩትም።

«እሱን አስቀምጠው ልጄ። መጀመሪያ ሰው የሠራውን እናውርድ» አሉኝ።

«ጋሼ፣ የሚያፈሰው እኮ ከኋላ ነው።»

«የሚሸተው ነው ከኋላ። የሴስና አውሮፕላን ክንፍ ሥር ሰማያዊ እድፍ ታያለህ፤ የአውሮፕላን ቤንዚን ቀለም ስላለው ሲደርቅ ምልክቱን ይተዋል። ያ ምልክት ቤንዚኑ የት እንደወጣ እንጂ ከየት እንደተነሳ አይነግርህም። ላሜራውን ተከትሎ ክንድ ሙሉ ይሄዳል።»

አንድ አሮጌ አውሮፕላን አስታውሰው ነገሩኝ። ታንኩ ሲያንጠባጥብ አንዱ ማስቲሽ ቀብቶበት ሄደ፣ ሲመለስ ሌላው በላዩ ቀባ፣ ሦስተኛውም እንዲሁ። አዲስ ማስቲሽ በአሮጌና ቤንዚን በጠጣ ማስቲሽ ላይ አይዝም። ጋሼ ደርሰው ሁሉንም በእንጨት መላጫ ፍቀው ባዶ ላሜራ ሲያወጡ፣ የሚያፈሰው አንድ የላላ ብሎን ሆኖ ተገኘ።

ባትሪውን ከኋላ መቀመጫ ሥር ነቀልን፣ ቤንዚኑን ቀዳን፣ እሳት ማጥፊያውን አጠገባችን አድርገን ግቢ ውስጥ ጀመርን። በቮልስ ታንኩ ከፊት ኮፈን ሥር፣ ሞተሩ ከኋላ ነው፤ በመካከላቸው በመኪናዋ ወለል ውስጥ የሚያልፍ የብረት ቱቦ አለ። ከታንኩ መውጫ ላይ የደረቀ ሳሙና በማስቲሽ ተሸፍኖ አገኘን። ሳሙና መንገድ ላይ ለቀረ ሰው ቤቱ እስኪገባ ይረዳዋል፣ እሱን አልነቅፍም። ያኛው ግን ዓመታት የተቀመጠ ነው። ከካምቢዮው አጠገብ ያለው ጎማ ሰፊ ስለነበር በሽቦ ሦስት ዙር ታስሯል። የሞተሩ ክፍል ላሜራ ላይ ቱቦው በሚያልፍበት ቀዳዳ መኖር የነበረበት የጎማ ቀለበት የለም፤ የላሜራው ጠርዝ ጎማውን ግማሽ ድረስ በልቶታል። ከሞተሩ በላይ ደግሞ በፓምፑና በካርቡራቶሩ መካከል ፕላስቲክ ፊልትሮ፣ ማለትም የቤንዚን ማጣሪያ፣ ተንጠልጥሏል። ይህን በብዙ ቮልስ ላይ አይቻለሁ። ፊልትሮው በክብደቱ ጎማውን እየጎተተ አንድ ቀን ያወልቀዋል፣ ቤንዚኑም የሚወርደው በጋለ ሞተርና የካንዴላ እሳት በሚያከፋፍለው ዲስትሪቢውተር ላይ ነው። እባካችሁ ዛሬውኑ አንሱት። የእኔን ወደ ታች፣ ካምቢዮው አጠገብ አዛወርነው።

ከዚያ ጋሼ ካርቡራቶሩ ላይ ቤንዚን የሚገባባትን የነሐስ ቱቦ በሁለት ጣታቸው ይዘው ትንሽ አዞሯት። ወጣች። ያለ ምንም መሣሪያ እጃቸው ላይ ቀረች። ለተወሰነ ጊዜ ሁለታችንም ዝም አልን። ቱቦዋ በጥርስ ሳይሆን በጥብቀት ብቻ የገባች ናት፣ በዓመታት ንዝረት ትላላለች። እስከ ጉሮሮዬና እስከ ልብሴ የሸተተኝ ከዚያ ነበር፤ ልጆቼን ከኋላ መቀመጫ አስቀምጬ ዳገት የወጣሁት ከዚያች ቱቦ ጋር ነው። ቶርኖ ቤት ወስደን ቀዳዳውን ጥርስ አስወጥተን በጥርስ የምትገባ አዲስ አስገጠምን።

አሁን ወደ ጎማው ልመለስ፣ ምክንያቱም እኔም ተሳስቻለሁ። የገዛሁት መጀመሪያ የ6 ሚሊ ሜትር ነበር። ለቮልስ የሚሆነው የ5 ነው፤ ተጨናንቆ መግባት አለበት። ሰፊውን በፋሼታ (ጎማ በሚያጠብቅ የብረት ቀለበት) አጥብቄ ለ3 ሳምንት ነዳሁ፣ ከዚያ ፓምፑ ላይ እርጥበት አየሁ። የ5 ሚሊውን ለማግኘት ሁለት ቅዳሜ ፈጀብኝ። አር9 ደረቅ ስለሆነ ሲገባ ያስቸግራል፤ ጫፉን ሙቅ ውኃ ውስጥ ለደቂቃ ብታቆዩት ይሻላል። በግድ ስትገፉት የውስጡ ሽፋን ይሰነጠቃል፣ ይህ ደግሞ ከውጭ አይታይም። ጠባብ ቦታ ላይ ቢታጠፍም ተጣጥፎ ቤንዚን ይዘጋል፤ ፓምፑ አጠገብ አስረዝሜ በሰፊ ዙር ነው ያሳለፍኩት። ፋሼታውም ከውስጥ ለስላሳ የሆነውን ምረጡ፣ ጥርሱ የተበሳው ዓይነት ጎማውን ይቆርጣል።

ከዚያ ወዲህ በየወሩ የመጀመሪያ እሑድ በባትሪ ብርሃንና በነጭ ጨርቅ እያንዳንዱን መገናኛ እጠርጋለሁ። ጨርቁ እስካሁን ደርቆ ነው የሚወጣው። በሁለተኛው ሳምንት ታንኩ ላይ ያለውን ፋሼታ ሩብ ዙር ማጥበቅ ነበረብኝ፣ ከዚያ በኋላ አልነካሁትም። ጎማው አልተሰነጠቀም፣ አላበጠም፣ በግንቦት ሙቀትም አልለሰለሰም።

ያልፈታልኝ አንድ ነገር አለ። ሰው ጭኜ ዳገቱን ከወጣሁ በኋላ እላይ ቆሜ ሞተሩን ካጠፋሁ ቶሎ አይነሳም። ከፍታ ላይ ቤንዚን በቀላሉ ይተንና ፓምፑ እንፋሎት ይስባል። ጎማው ለዚህ መድኃኒት አይደለም፣ ሻጩ ቢላችሁም አትመኑ። እኔ ኮፈኑን ከፍቼ 10 ደቂቃ እጠብቃለሁ።

የአውሮፕላን ቱቦ የተሠራበት ቀን ይጻፍበታል። ጋሼም ሥራው ሲያልቅ በነጭ ቀለም ጎማው ላይ «ጥቅምት 2017» ብለው ጻፉ። ባለፈው እሑድ ሳየው ቀለሙ ደብዝዞ ስለነበር ደግሜ ጻፍኩበት።