ዘጠኝ ወር ከአምስት የትሬዞር ሸክላዎች ጋር፦ ልመልሰው የነበረው «ኢንተርናል ኤምፓየር»

ባለፈው መስከረም፣ ትሬዞር ከተባለው የበርሊን ሙዚቃ ቤት የወጡ አምስት የቴክኖ፣ ማለትም በኤሌክትሮኒክ መሣሪያ የሚሠራ የጭፈራ ሙዚቃ፣ አልበሞችን በሸክላ ገዛሁ። ሦስቱ ያገለገሉ፣ ሁለቱ አዲስ ቅጂዎች ሲሆኑ ለአምስቱም በድምሩ 140 ዩሮ ከፍያለሁ። ስለ አምስቱም እኩል መጻፍ ይገባኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ለመጻፍ ያነሣሣኝ አንዱ ብቻ ነው። እርሱም በሦስተኛው ሳምንት ልመልሰው ቆርጬ፣ ከነደረሰኙ በከረጢት አድርጌ በሩ አጠገብ ያቆምኩት የሮበርት ሁድ «ኢንተርናል ኤምፓየር» ነው።

ወደ እነዚህ ሸክላዎች ያደረሰኝ የሥራ መንገዴ ነው። ሥራዬ ሌሊት አረጋውያንን መንከባከብ ስለሆነ ጠዋት ወደ ቤቴ ስመለስ በኮፐኒከር ጎዳና፣ የትሬዞር ክለብ ከ2007 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሚገኝበት በአሮጌው የኃይል ማመንጫ ደጅ አልፋለሁ። ትሬዞር በጀርመንኛ ካዝና ማለት ሲሆን ስሙም ከእውነተኛ ካዝና የመጣ ነው። የበርሊን ግንብ ከወደቀ በኋላ ዲሚትሪ ሄገማንና ባልደረቦቹ በላይፕዚገር ጎዳና፣ ከቀድሞው የቬርትሃይም መደብር ሥር ተዘግቶ የኖረውን የገንዘብ ማስቀመጫ ምድር ቤት አገኙና የዛጉት ሣጥኖች ከነግድግዳቸው እንዳሉ በ1991 ክለቡን ከፈቱበት፤ እስከ 2005 ድረስም እዚያው ቆየ። ሙዚቃ ቤቱም የተመሠረተው በዚያው በ1991 ነው። የመጀመሪያ ሥራው «ኤክስ-101» ሲሆን የሠሩትም ከአሜሪካዊቷ ከተማ ከዲትሮይት አንደርግራውንድ ሪዚስታንስ ቡድን ጄፍ ሚልስ፣ ማይክ ባንክስና ሮበርት ሁድ ናቸው። እንግዲህ የሁድ ስም ከመነሻው አለበት፤ ይህን አስቀድሜ ባስተውል ኖሮ በከረጢት ባላስገባሁትም ነበር።

ሸክላ መሸጫው ውስጥ ያገኘሁት ሻጭ ቅን ሰው ነበር፤ ሆኖም ምክሩን ዛሬም እከራከረዋለሁ። ይህ ዓይነቱ ሙዚቃ ለዲጄ የተሠራ መሣሪያ እንጂ ቤት ተቀምጠው የሚሰሙት እንዳልሆነ፣ የግድ ከፈለግሁም ከጄፍ ሚልስ እንድጀምር፣ ሁድን ግን ጆሮዬ እስኪለምድ እንዳቆየው ነገረኝ። እኔም ሚልስን አስቀደምኩ። የ1992ቱ «ዌቭፎርም ትራንስሚሽን» ቅጽ አንድ እሳት ነው፤ ኃይሉን አልክድም። ነገር ግን የምኖረው አራተኛ ፎቅ ላይ ነው፤ ከሥሬ የሚኖሩት አዛውንት ደግሞ በጊዜ ይተኛሉ። ድምፁ ዝቅ ሲል ጆሯችን ቀድሞ የሚያጣው ወፍራሙን ድምፅ፣ ማለትም የከበሮውን መሠረት ስለሆነ፣ የሚልስ አልበም በዝቅተኛ ድምፅ ሲጫወት የሚቀረው ሸካራው ላይኛው ክፍል ብቻ ነው። ሰርጀን በሚል ስም የሚታወቀው የበርሚንግሃሙ አንቶኒ ቻይልድ በ1997 ያወጣው «ቤዚክቶናልቮካቡላሪ»ም እንዲሁ ሆነብኝ። ሳየን የተባለው ጥምረት የሠራው «አሬንጅ ኤንድ ፕሮሰስ ቤዚክ ቻነል ትራክስ» (2002) ጥሩ ነው፤ በዝናባማ ቀን አደምጠዋለሁ።

ድሬክሲያ የተባለውን ቡድን «ኔፕቹንስ ሌር» (1999) ግን በአንድ ዓረፍተ ነገር አላልፈውም። የቡድኑ አባላት፣ የዲትሮይቶቹ ጄምስ ስቲንሰንና ጄራልድ ዶናልድ፣ የፈጠሩት ዓለም፣ በባሪያ ንግድ ዘመን ከመርከብ ወደ አትላንቲክ የተጣሉ ነፍሰ ጡር አፍሪካውያን እናቶች ልጆች በውኃ ውስጥ መተንፈስ ችለው፣ ከባሕሩ ሥር የራሳቸውን አገር ሲያቀኑ የሚያሳይ ነው። ይህን ካወቅሁ በኋላ ያ አረፋ የሚመስል የሲንቴሳይዘር ድምፅ ለኔ ጌጥ መሆኑ ቀረ። ስቲንሰን በ2002 አረፈ። አልበሙን የማጫውተው ለብቻዬ ስሆን፣ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ሳላቋርጥ ነው።

ወደ ሁድ ልመለስ። ጥፋቱ መጀመሪያ የአሰማሜ ነበር። በችክችካ ምት ያደገ ጆሮ ምቱ እንዲወዛወዝ፣ ከበሮው እንዲጠራ ዘፋኙም እንዲመልስ ይጠብቃል። እዚህ ግን ምቱ ቀጥ ብሎ አራት አራት ይመታል፤ በላዩም አንዲት አጭር የሲንቴሳይዘር ሐረግ ትዞራለች፣ ትዞራለች፣ ትዞራለች። በአልበሙ ውስጥ ያለውን «ማይነስ» የተሰኘ ሥራ ሦስት ጊዜ ሰምቼ ሦስቱንም ጊዜ መሐል ላይ አነሣሁት። ምንም የማይሆንበት ሙዚቃ መስሎኝ ነበር።

ከረጢቱ በር ላይ በቆመበት ሰሞን አንድ ሌሊት ሥራ ከባድ ሆነብኝ። አንዲት ለሁለት ዓመት የተንከባከብኳቸው እናት በእጄ ላይ አረፉ። ጠዋት ቤት ስገባ የሰው ድምፅም ሆነ ዜማ ያለው ነገር መስማት አልቻልኩም፤ ዝምታውም አልተቻለኝም። ሸክላውን ከከረጢቱ አወጣሁና መርፌውን አሳርፌ፣ ድምፁን ከጀበናው ፍል እምብዛም እንዳይበልጥ አድርጌ ቡናዬን ማፍላት ጀመርኩ። ሁለተኛውን ሲኒ ስቀዳ እጄ ቆመ። ያች አልተለወጠችም ያልኳት ሐረግ ተለውጣለች፤ መቼ እንደተለወጠች ግን አላስተዋልኩም። መርፌውን ወደ መጀመሪያው መልሼ ከስፒከሩ ፊት ወለሉ ላይ ተቀመጥኩ። ሃይ-ሃቷ፣ ያች የጽናጽል ድምፅ፣ በጥቂቱ ትከፈታለች፤ ሐረጓ አንድ ጊዜ ወደ ፊት ትመጣለች፣ አንድ ጊዜ ከከበሮው ኋላ ትሸሸጋለች። ለውጡ የሚሆነው አዲስ ነገር በመጨመር አልነበረም፤ ያለውን ትንሽ በማንቀሳቀስ ነበር። አልበሙ ባለ ሁለት ሸክላ ነው፤ ያን ጠዋት አራቱንም ገጾች ሰማሁ፤ ከዚያ ቀን ወዲህም ይህን አልበም ሳልሰማ ያለፈ ሳምንት የለም።

ለምን በዝቅተኛ ድምፅ እንደማይጠፋ ለመረዳት ጊዜ ፈጅቶብኛል፤ የደረስኩበት ይህ ነው። አልበሙ በ1994 ሲወጣ በአውሮፓ ቴክኖው በየጊዜው እየፈጠነና እየከበደ ነበር። ሁድ ግን በዚያው ዓመት ባወጣው «ሚኒማል ኔሽን»ም ሆነ በዚህኛው መንገዱን ወደ መቀነስ አዞረ፤ ዛሬ ሚኒማል ቴክኖ የሚባለው ፈርጅ ሲነሣ ስሙ ከፊት የሚጠራውም ስለዚህ ነው። ድምፆቹ ጥቂት ስለሆኑ አንዱ ሌላውን አይሸፍንም፤ ክብደቱም ሁሉ በወፍራሙ ድምፅ ላይ ስላልተጫነ ድምፅ ሲቀነስ የሚያጣው ጥቂት ነው። ጩኸት ሲደረግ ደግሞ አያንስም፤ ጎረቤቴ ልጃቸውን ሊጠይቁ በሄዱበት ቅዳሜ ሞክሬዋለሁ።

ሻጩ ዛሬ ፊቴ ቢቆም ሁለት ነገር እለዋለሁ። አንደኛ፣ ለጭፈራ የተሠራ ሙዚቃ ቤት ውስጥ ዋጋ የለውም ያልከው ስሕተት ነው፤ በካዝና ውስጥ ለመቶዎች የተጫወተው ምት ለአንድ የደከመ ሰው ወጥ ቤትም ይበቃል። «ይህ የግል ስሜትህ ነው» ይለኝ ይሆናል። አዎን፣ የግል ነው፤ ገንዘቡም የግሌ ነበር። ሁለተኛ፣ ሁድን አቆየው ማለትህ ለገዢ አይጠቅምም። ጆሮ የሚለምደው እየሰማ እንጂ እየጠበቀ አይደለም። ሚልስን ለሚወድ ገዢ ሁሉ ሊነገር የሚገባው ደግሞ የ«ዌቭፎርም ትራንስሚሽን» ቅጽ ሁለት የሚልስ አለመሆኑ ነው፤ በ1993 ዘ ቪዥን በሚል ስም የሠራው ራሱ ሁድ ነው። ሰውየው ዛሬ የተቀባ የወንጌል አገልጋይም ነው፤ ይህን የሰማሁት አልበሙን ከወደድኩ ከብዙ ወራት በኋላ ነው፤ ሆኖም አልተገረምኩም። በመደጋገሙ ውስጥ እንደ ጸሎት ያለ ትዕግሥት ነበረ።

ስለ ሸክላው ይዞታ፦ ክረምቱን ማሞቂያው አየሩን ስለሚያደርቀው ሸክላው አቧራ ይስባል፤ ከእያንዳንዱ ማጫወት በፊት በካርቦን ብሩሽ መጥረግ ግድ ነው። እኔ በኅዳርና በታኅሣሥ ይህን ቸል ብዬ ነበር፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ገጽ መግቢያ ላይ አሁን ቀጭን ጫጫታ አለ፤ ያለጥርጥር የኔ ጥፋት ነው። የሌሎቹ አራት አልበሞች ሸክላ ገና ያበራል። ባለፈው ሳምንት ከዚያው መሸጫ የ«ኢንተርናል ኤምፓየር»ን ሁለተኛ ቅጂ አዝዣለሁ፤ ሲመጣ አልከፍተውም። የመጀመሪያው ጫጫታው ሙዚቃውን እስኪሸፍነው ድረስ ጠዋት ጠዋት መዞሩን ይቀጥላል።